በአጥንት ውስጥ ያደረ እንፋሎት

«እማዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

እናት ያን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራትም። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ ወደ ማድ ቤት ስትገባ መስኮቱን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ውጭ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እናቷ ግን በስስ የሌሊት ልብሷ ሆና ግንባሯን ከውሃ ቧንቧው ብረት ላይ ለጥፋለች። ፊቷ ፍም መስሏል፤ ላቧ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ ወደ ደረቷ ይወርዳል።

ራሴን ነው እንዳትል ራሷን አያማትም። ሆዴ ነው እንዳትል ሆዷ ሰላም ነው። አንድ ነገር ድንገት ከደረቷ ይነሳና እንደ ምድጃ ወላፈን ፊቷ ላይ ይወጣል፤ ልቧን ያስመታታል፤ ከዚያ ይለቃታል። ሲለቃት ደግሞ ይበርዳታል። ይህ ታዲያ የቱ ጋ ይባላል?

«የትም» አለች።

«የትም ማለት የት ነው?»

«የትም ማለት የትም ነዋ! ምን እንዲህ ታፋጥጪኛለሽ? ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ።»

ልጅቷ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች፤ ዓይኗ ግን እዚያው ቀረ።

በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነበር፤ የመሬት ቅየሳ ልትማር። ሕፃን ሳለች ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ካልለካች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። የጎረቤቱን አጥር በክር፣ አልጋውን በእናቷ ሻርፕ፣ ድመቷን እንኳ ሳይቀር ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ለክታለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናት ደግሞ የሚያስጨንቃት ነገር አጥታ አታውቅም። ልጅቷ ብታስል ትጨነቃለች፤ ባታስል ደግሞ ለምን ዝም አለች ብላ ትጨነቃለች። አሁን ግን አንዱ ጭንቀት ሌላውን ሁሉ ገፍቶ መሐል ላይ ተቀመጠ። ልጄ በእኔ ሰበብ ትቀር ይሆን?

እናት የምትሠራው የሆቴልና የሆስፒታል ልብስ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ከማጠቢያው ጀርባ ረጅም ክፍል አለ፤ የተኳሾች ክፍል ይባላል። ጠረጴዛዎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ካውያዎቹ ከጣሪያው በወረደ ጎማ እንፋሎት ይጠጣሉ፤ በተጫኗቸው ቁጥር ፉሽሽ እያሉ ይተፉታል። እናት እዚያ ስሟ «ኮሌታ» ነው። የሸሚዝ ኮሌታ እንደሷ አድርጎ የሚያቆም ስለሌለ፣ ይህ ስም ቀስ በቀስ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም አስረሳ።

የክፍሉ አለቃ ጄነራል ትባላለች። ወፍራም ድምፅና ቀጭን እግር ያላት፣ በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጥ ሴትዮ ናት። ክፍሉ ውስጥ ጄነራል ያወረሰችው፣ እሷም ከቀደሟት የወረሰችው አንድ ወግ ነበር። አንዷ ተኳሽ ፊቷ ሲቀላና ላብ ሲያጠምቃት ካየች፣ ጄነራል ጠረጴዛውን በመዳፏ ጧ ታደርግና «እንፋሎት!» ትላለች። ወዲያው ጎረቤቲቱ የተጀመረውን ሸሚዝ ሳይቀዘቅዝና ሳይጨማደድ ትቀበላለች፤ የተያዘችው ደግሞ ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ሄዳ እስኪያልፍላት ትቀመጣለች።

ተኳሾቹ የሚያምኑት እንዲህ ነው። እንፋሎት በጣት ጫፍ ይገባል፤ ገብቶም አጥንት ውስጥ ያድራል። ወጣት ሳሉ አይታወቅም። ዕድሜ ሲገፋ ግን የተጠራቀመው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል፤ በደረት ይነሳል፣ በፊት ይወጣል። እዚያ ያረጁ ተኳሾች ሁሉ ያዩት ነገር ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ጄነራል ራሷ ይኸው እንፋሎት ቢያሰቃያት ነው ካውያዋን አስረክባ ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ የዞረችው። ሲጨንቃት በትራስ ልብስ ስታራግብ ትውላለች።

ኮሌታን ለመጀመሪያ ጊዜ እንፋሎት ሲይዛት ክፍሉ በሙሉ ተሰበሰበባት።

«በይ እንግዲህ፣ መድረቅ ነው ያለብሽ» አለች ጄነራል። «እንፋሎት ከምን ይመጣል? ከውሃ። ስለዚህ ውሃ የሚባል ነገር ራቂ። ሾርባ የለ፣ ወተት የለ፣ ፍራፍሬ የለ። ደረቅ ዳቦ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ በቃ!»

«ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበት ሻይ ግን ትጠጣ» አለች ከጎኗ የምትተኩሰው። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የሚሏት። «ትኩስ ትኩሱን። ላቡን ጎትቶ ያወጣዋል።»

«ሻይ ውሃ አይደለም እንዴ?» አለች ከወጣቶቹ አንዷ።

«የፈላ ውሃ ውሃ አይባልም! ዝም ብለሽ ተኩሺ አንቺ።»

«ደግሞ የባለቤቴ እህት አንድ ዱቄት ትሸጣለች» አለች ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የተፈጥሮ ነው። የሴትን ሰውነት ሚዛን ይመልሳል ትላለች።»

«አንቺ መጀመሪያ የራስሽን ሚዛን መልሺ፣ ወንበሩ ተሰበረ» አለቻት ጄነራል፤ ክፍሉም በሳቅ ሞላ።

ኮሌታ ሳቀች፤ ግን የተባለችውን ሁሉ ከልቧ ያዘች። እሷ እንዲህ ናት፤ አድርጊ ያሏትን ታደርጋለች፣ አብዝታም ታደርጋለች። ወተቱን ተወች። ምስሩን መረቅ አለው ብላ ተወች። ብርቱካን በዓይኗ ብቻ አይታ አለፈች። ጥማት ሲያቃጥላት አፏን ተጉመጥምጣ ትተፋለች። ከዚያ ምላስ የሚልጠውን ሻይ ትጠጣለች፤ ወላፈኑም ከቀድሞው ብሶ ይመጣባታል። «ይኸው፣ እየወጣ ነው» ትላለች ሬዲዮ እያጨበጨበች።

ልጅቷ ግን ሳህኑን ታያለች። የእናቷን ከንፈር መሰንጠቅ፣ የቀሚሷን መስፋት፣ እግሯ ሲሸመቀቅ ጥርሷን ነክሳ መቻሏን ሁሉ ታያለች። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትበዪው?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ አንቺ ሻንጣሽን አዘጋጂ» ትላታለች።

አንድ ቀን እናት የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ካውያ እንዳስቀመጠች ጉልበቷ ከዳት። ጠረጴዛውን ይዛ ሳትወድቅ ቀረች፤ ነጩ ኮሌታ ግን ከካውያው ሥር ቡናማ ሆኖ ጨሰ። እሷ ልብስ አቃጥላ አታውቅም። ጄነራል ሸሚዙን አጣጥፋ ከብብቷ ሥር ከተተችና ለሬዲዮ «ቤቷ ድረስ አድርሻት» አለች።

በማግስቱ ልጅቷ ከወጣችበት ስትመለስ ፊቷ የቆረጠ ሰው ፊት ነበር።

«ጄነራልን አነጋገርኳት» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«እንፋሎቱ ነው እንዲህ ያደረገሽ አለችኝ። ከካውያው ካልራቅሽ አይተውሽም አለችኝ። ስለዚህ አንቺ ቤት ትቀመጫለሽ፣ እኔ ባንቺ ቦታ እገባለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

እናት የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። «ትምህርቱስ?»

«መሬቱ የትም አይሄድም፣ ሌላ ጊዜ ይለካል።»

«ሚጣዬ፣ በሞቴ! እኔ እዚያ የቆምኩት አንቺ እንዳትቆሚ ብዬ እኮ ነው!»

«አንቺ ወድቀሽ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ምን ብዬ ልቀመጥ? አስቢው እስቲ። መስኮት እያየሁ ብስኩት ልብላ?»

እናት ነገሩን በልቧ አሰላች። እንፋሎት ከሆነ ልጅቷ እውነቷን ነው። ደግሞም ነገ እሷንም በጣቷ ጫፍ ገብቶ አጥንቷ ውስጥ ያድርባታል።

ሐሙስ ማታ ማታ እናት ትምህርት አላት። በልጅነቷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ናት፤ አሁን ከእሷ መሰል ሴቶችና ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቃ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። መምህሯ በዕድሜ እኩያዋ ናት፤ እጇ ላይ ከጠመኔ ሌላ ነገር ታይቶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «ዝናብ ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን» የሚል ነበር። እናት ተነስታ ስታነብ መምህሯ ድንገት ወደ መስኮቱ ሄደችና ከፈተችው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«መምህር፣ ሰሌዳው ዝጉ ይላል፣ እርስዎ ይከፍታሉ!» አለ ከኋላ የተቀመጠው ግንበኛ። ሁሉም ሳቁ።

እናት አልሳቀችም። መምህሯ የአንገት ልብሷን ፈታች። አንገቷ ቀላ፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ የእጇን አንጓ ገልብጣ ከመስኮቱ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አሳረፈችው። እናት ያን አደራረግ ታውቀዋለች። እሷም እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ ማንም አላስተማራትም።

ትምህርቱ ሲያበቃ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀች።

«መምህር፣ ድፍረት ባይሆንብኝ… ካውያ ይዘው ሠርተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለች መምህሯ እየሳቀች። «እኔ የራሴን ሸሚዝ እንኳ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ ነው የማስተካክለው። ምነው?»

«እንፋሎት ቤትስ?»

«ኧረ በፍጹም! ምን አየሽብኝ?»

እናት በጣቷ ወደ መምህሯ አንገት አመለከተች። መምህሯ ሳቋን ተወችና ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«አንቺንም ይይዝሻል?»

«ይይዘኛል። እኛ መሥሪያ ቤት ከካውያ ነው ይላሉ።»

«እህቴ፣ ካውያ ቢሆን ኖሮ እኔን ምን ነካኝ? ዕድሜ ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂና ሲስተሯን አነጋግሪያት፤ እኔም እሷ ናት የነገረችኝ። ደግሞ ይህ ከንፈርሽ ምን ሆኖ ነው? ውሃ አትጠጪም?»

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ልጇን የምታክል ወጣት ነበረች። ግፊቷን ለካች፣ ምላሷን አየች፤ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«ማዘር፣ የወር አበባ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

እናት በሩን ዞር ብላ አየች። ተዘግቷል። «ካለፈው ክረምት በፊት» አለች በሹክሹክታ። «ደክሞኝ የቆመ መስሎኝ ነበር።»

«ከዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ይኼ ማረጥ ይባላል። በሽታ አይደለም። ሰውነትዎ ሲያመነጨው የኖረው ሆርሞን አለ፤ መልእክተኛ ይበሉት፣ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ። እሱ ይቀንሳል። የሙቀት መቆጣጠሪያችንም በዚህ ጊዜ ይደናገጣል፤ ትንሽ ነገር ነክቶት ሞቀኝ ብሎ ይጮኻል።»

«እንፋሎት አይደለም?»

«የምን እንፋሎት?»

እናት ሁሉንም ነገረቻት። ደረቅ ዳቦውን፣ ሽምብራውን፣ ሚጥሚጣውን ሻይ። ሲስተሯ ልትስቅ ነበር፤ የእናትን ዓይን ስታይ ግን ተወችው። ተነሳችና ከማጣሪያው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት።

«የመጀመሪያው መድኃኒት ይኼ ነው። ሁሉንም ይጠጡት።»

እናት ጠጣች። ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስንት ጊዜ ራሷን እንደከለከለች ያኔ ታወቃት።

«ብበላስ ምን ብበላ ነው ሆርሞኑ የሚመለሰው?» ብላ ጠየቀች። «ዱቄት አለ ይላሉ፣ ሚዛን የሚመልስ።»

«ምግብ ወደነበረበት አይመልሰውም፣ ማዘር። ዱቄትም አይመልሰውም፤ እመልሳለሁ የሚል ቢመጣ አይመኑት። ግን ምግብ ትልቅ ሥራ አለው። ሆርሞኑ ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፣ ልብም ጥበቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ያ የተዉት ወተት ይመለስ። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ካገኙ ዓሣው። አኩሪ አተርና ተልባ ከወደዱ ይብሉ፤ አንዳንዷን ሴት ትንሽ ያቀልላታል፣ ሌላዋን ምንም አያደርግላትም፤ እንደ ምግብ ይብሉት እንጂ እንደ ተአምር አይጠብቁት። ሚጥሚጣውንና ትኩሱን ሻይ ለትንሽ ጊዜ ትተው ይሞክሩት። በእግር መሄድም አይተዉ። እንቅልፍ ከነሳዎት ደግሞ ተመልሰው ይምጡ፤ መድኃኒት አለው፣ ሐኪሙ አይቶ ይሰጥዎታል። አንድ ነገር ግን፣ ከአሁን በኋላ ደም ካዩ በዚያው ቀን ይምጡ።»

«ካውያዬንስ ልተወው?»

«ክፍሉ ቢናፈስና ውሃ አጠገብዎ ቢኖር ምን ያስተውዎታል?»

እናት ወደ ቤቷ እየተቻኮለች ሄደች። መንገዱን ሙሉ ለልጇ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ደርሳ ልጅቷ «እሺ፣ ምን አሉሽ?» ስትላት ግን ማረጥ የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ቆመ። የራሷ እናትም ለእሷ አላወራችላትም፤ እሷም ለልጇ እንዲህ ያለ ነገር አውርታ አታውቅም። ምላሷ ወደለመደው ዞረ።

«ደህና ነሽ አሉኝ።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «እጅሽ የተሰበረ ጊዜም ደህና ነኝ ብለሽ ነው በግራሽ ስትተኩሺ የሰነበትሽው። እኔ እንድሄድልሽ ብለሽ ነው። አልሄድም።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሽርጥ አሠረች። እናት ከኋላዋ ተከተለቻት። ከተኳሾቹ ክፍል ሲደርሱ ጄነራል ልጅቷን ወደ ኮሌታ ጠረጴዛ ወሰደቻትና ካውያውን አነሳች። «በመጀመሪያ ወገቡን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ኮሌታውን መጨረሻ» አለቻት። «ጣትሽን ጠብቂ።»

ልጅቷ እጇን ስትዘረጋ እናት ቀደመቻትና እጀታውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«አልተውሽም። ስሚኝ።» እጀታውን አጥብቃ ያዘች። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር አይደል? የትም አያመኝም። እንፋሎትም አይደለም።» ተኳሾቹ ካውያቸውን እያነሱ ወደ እሷ ዞሩ። እናት ክፍሉን አየች፣ የጄነራልን ዓይን አየች፣ ከዚያ የልጇን። «አርጫለሁ። የወር አበባዬ ቆሟል። ይኸው ነው። ጤና ጣቢያ ነው የነገሩኝ። ካውያ ነክታ የማታውቀው መምህሬም ይይዛታል። የጣለኝ ደግሞ ውሃ መከልከሌ ነው፣ ምግብ መተዌ ነው። ባታምኚኝ ነይ፣ አሁኑኑ ሲስተሯ ጋ እንሂድና በጆሮሽ ስሚ።»

ከአንዱ ካውያ የቀረ እንፋሎት ፉሽሽ አለ።

ጄነራል ቀስ ብላ የትራስ ልብሷን ወደ ፊቷ አቀረበች፤ ማራገብ ጀመረችና አቆመች።

«ቆይ» አለች። «ታዲያ እኔስ?»

የትራስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«እኔ ካውያዬን ለምን አስረከብኩ? ይኼን ሁሉ ዘመን አንሶላ ሳጥፍ የኖርኩት…»

«እንፋሎት ነው ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ፣ እትዬ ጄነራል» አለች ሬዲዮ።

«እኔንም እንዲህ ነዋ ያሉኝ! አንቺስ ሚጥሚጣ ከየት አመጣሽ?»

«ከራሴ» አለች ሬዲዮ አንገቷን ደፍታ። መጀመሪያ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ በመጨረሻ ጄነራልም ሳቋ አሸነፋትና ማጠፊያው ላይ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ግን እንባዋም ይወርድ ነበር፤ ሬዲዮ ሄዳ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እኛ ታዲያ አጥንታችን ውስጥ እንፋሎት የለም ማለት ነው?» አለች ያች ወጣት።

«የለም። ግን ተራሽ ይደርሳል፣ አትቸኩዪ» አለቻት ኮሌታ።

ልጅቷ አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ከካውያው ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ለምን ቤት አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?»

«አንቺን። አሁንም እያፈርኩ ነው፣ አትዪኝ።»

ልጅቷ ሽርጧን ፈታች፤ ከእናቷ ወገብ ላይ አዙራ ከኋላ አሰረችላት፤ ቋጠሮውን ደግሞ ጠበቅ፣ ላላ እያደረገች ለካችው። «ሲስተሯን ግን አገኛታለሁ» አለች።

«አግኚያት።»

አገኘቻት። ከዚያ በኋላ ነው ሻንጣዋን ያወጣችው። በቀሩት ቀናት ማድ ቤቱ በሷ እጅ ገባ። ጠዋት ወተት፣ ለምሳ ምስርና ጎመን፤ እናት «ብርቱካኑን አንቺ ብዪው» ስትላት ልጣ ግማሹን በግድ ታጎርሳታለች። ወላፈኑ አልጠፋም፤ ሚጥሚጣው ከቀረ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አያንገላታትም፤ ጉልበቷም ተመለሰ። በተኳሾቹ ክፍል ደግሞ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የውሃ ጆግ ተቀመጠ፤ ለዘመናት በቀለም የተጣበቀው መስኮት ተፈልቅቆ ተከፈተ። ጄነራል አሁንም ጠረጴዛውን ጧ አድርጋ «እንፋሎት!» ትላለች። ነገሩ ሌላ መሆኑን ቢያውቁም ጥሪውን ለመቀየር የደፈረ የለም። ልዩነቱ፣ ጎረቤቲቱ ሸሚዙን ስትቀበል ብርጭቆ ውሃ ማቀበሏ ነው።

የመሄጃው ቀን መናኸሪያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። እናት ልጇን ስትስማት ያ ነገር ከደረቷ ተነሳ። የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች፤ አንጓዋን ገልብጣ ከአውቶቡሱ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ አሳረፈች።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ በደረጃው ላይ እንደቆመች።

«እሱ ነው። ያልፋል።»

«ደህና ነኝ አላልሽም።»

«አላልኩም። ሞቆኛል፣ ከፍቶኛል፣ ደስም ብሎኛል። ግቢ፣ ቦታሽን ይይዙብሻል።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የውሃ ኮዳዋን አውጥታ ሰጠቻት። እናት እዚያው ጠጣችና መለሰችላት፤ ልጅቷም ከዚያው ላይ ጠጣች። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጄነራል ከመስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ጠረጴዛ ጠርጋ ካውያ አነሳች። ኮሌታ ከጎኗ በድሮ ቦታዋ ቆመች። ልጅቷ ሄደች፤ እናት ቀረች።